የሴት ደራሲ የሕይወት ታሪክ በመዝገበ ዕውቀት፤ የጥራቱ መመዘኛዎችና ለመማር ማስተማር ያላቸው ጠቀሜታ

1. መግቢያ

በምሥራቅ ጎጃም በአምበር፣ በቢቸና ወይም በሞጣ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አንድ ደራሲ ሕይወት ጽፎ እንዲያመጣ ሲታዘዝ ቀደም ሲል የነበረው ምርጫ ጠባብ ነበር። ከመማሪያ መጽሐፉ፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትና ከመምህሩ ቃል በስተቀር ሌላ ምንጭ እምብዛም አያገኝም ነበር። ዛሬ ግን ኔትዎርክ በሚገኝበት ሰዓት አንድ የእጅ ስልክ እስካለ ድረስ ተማሪው በኢንተርኔት ከተዘረጋው መዝገበ ዕውቀት ዘንድ ይደርሳል። ያገኘውንም ገልብጦ ለመምህሩ ያቀርባል።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው ተማሪው የጻፈውን ራሱ አስቦ ወይም ገልብጦ እንደ ሆነ መለየት ነው። ሁለተኛውና ከበድ ያለው ግን የተገለበጠው ጽሑፍ ራሱ ምን ያህል የታመነ እንደ ሆነ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ችግር ብዙዎች ሲነጋገሩበት ይሰማል። ሁለተኛው ግን በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስልም። ስሕተት ያለበት ጽሑፍ በአርባና በሃምሳ ተማሪዎች ደብተር ላይ ከሰፈረ በኋላ በመጽሐፍ ከታተመ ስሕተት ይልቅ ለማረም አስቸጋሪ ይሆናል።

ችግሩ በተለይ ጎልቶ የሚታየው ስለ ሴቶች መብትና ትምህርት በጻፉና በተሟገቱ ሴት ደራስያን የሕይወት ታሪክ ላይ ነው። ስለ እነርሱ የተጻፈው ጥቂት ነው። የተጻፈውም ብዙ ጊዜ ከሥራቸው ይልቅ ስለ ቤተ ሰባቸው ያወራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመረቡ መዝገበ ዕውቀት የሚዘጋጅበት መንገድ፣ የጽሑፎቹ ጥራት የሚለካበት ሚዛንና ይህንኑ ሚዛን በክፍል ውስጥ ለመጠቀም የሚቻልበት ዘዴ በቅደም ተከተል ይብራራል። ለማስረጃነትም የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ታሪክ ተመርጧል።

2. የመዝገበ ዕውቀቱ አሠራር

ቀደም ባለው ልማድ መዝገበ ዕውቀት የሚዘጋጀው በተመረጡ ሊቃውንት ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ ጸሐፊው ይታወቃል፤ በአርታኢ ይታረማል፤ ከታተመ በኋላም እስከሚቀጥለው እትም ድረስ አይለወጥም። ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ» የዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

በጥር ወር 2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ውክፔዲያ ግን በሌላ መንገድ የተመሠረተ ነው። ማንኛውም ሰው አንቀጽ ሊጀምር፣ ሌላው የጻፈውን ሊያርም፣ ሊጨምርበትም ሆነ ሊሠርዝ ይችላል። የእንግሊዝኛው ክፍል ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ አንቀጾች አሉት። የአማርኛው ክፍል ከ10 ሺህ የሚበልጡ አንቀጾች ቢኖሩትም ብዙዎቹ እጅግ አጫጭር ናቸው። ጸሐፊዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በመሆኑም የሚጻፈው ነገር የሚወሰነው በጸሐፊዎቹ ፍላጎት፣ ጊዜና ዕውቀት ነው።

ሥራው ግን ያለ ሕግ የሚካሄድ አይደለም። ሦስት ዋና ደንቦች አሉት። አንደኛ፣ የሚጻፈው ሁሉ በታተመና በሚታመን ምንጭ የተደገፈ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ለአንድ ወገን ሳያደላ መጻፍ አለበት። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው የራሱን አዲስ ምርምር ወይም ግምት ማስገባት አይፈቀድለትም። ከእነዚህም ጋር አንድ ሰው የራሱ አንቀጽ እንዲኖረው ሌሎች ነጻ ምንጮች ስለ እርሱ በበቂ ሁኔታ የጻፉ መሆን ይኖርባቸዋል።

እነዚህ ደንቦች ለጥራት ሲባል የወጡ ናቸው። ሆኖም አንድ መዘዝ አላቸው። ቀደም ሲል ጋዜጣውና መጽሐፉ ያልጻፈለት ሰው በመዝገበ ዕውቀቱም ቦታ አያገኝም። ከዚህ የተነሣ የትናንቱ ዝምታ ወደ ዛሬው መዝገብ ይተላለፋል። ለምሳሌ ያህል ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ በጥቅምት ወር 2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ባገኙበት ቀን በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የራሳቸው አንቀጽ አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ስለ እርሳቸው የቀረበ ረቂቅ በቂ ምንጭ የለውም ተብሎ ተመልሶ ነበር።

ነገሩ በደራስያንም ላይ ደርሷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሴት ልቦለድ ጸሐፊዎች ከ«አሜሪካውያን ልቦለድ ጸሐፊዎች» ዝርዝር ወጥተው ለብቻቸው ወደ ተለየ የሴቶች ዝርዝር መዛወር ጀምረው ነበር። ደራሲዋ አማንዳ ፊሊፓኪ ነገሩን በጋዜጣ ባወጣች ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሣ። በአሠራሩ መሠረት አንባቢው «ልቦለድ ጸሐፊ» ሲል የሚያገኘው ወንዶችን ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በማንኛቸውም አንቀጽ ውስጥ የሐሰት ቃል አልተጻፈም ነበር፤ ስሕተቱ የነበረው በአመዳደቡ ላይ ነው።

3. የጥራት ደረጃዎች

በእንግሊዝኛው ክፍል እያንዳንዱ አንቀጽ በደረጃ ይመደባል። ከሁሉ የሚያንሰው ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ያሉት ቡቃያ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በላይ የጅምር፣ የመካከለኛና የተሟላ ጽሑፍ ደረጃዎች አሉ። ከእነዚህም በላይ «ጥሩ አንቀጽ» የሚባለው ይገኛል። ለዚህ ደረጃ የሚታጨውን ጽሑፍ በአጻጻፉ ያልተሳተፈ ሌላ ሰው መርምሮ ያጸድቀዋል። የመጨረሻው «የተመረጠ አንቀጽ» ሲሆን የብዙዎች ውይይትና ምርመራ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚሰጥ ነው። እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከሺህ አንቀጽ አንድ ገደማ ነው።

«ጥሩ አንቀጽ» ለመባል ስድስት ነገሮች ይጠየቃሉ። እነርሱም፦ የጠራ አጻጻፍ፣ በምንጭ መረጋገጥ፣ የርእሱን ዋና ዋና ነገሮች ማጠቃለል፣ አለማድላት፣ በየቀኑ በክርክር የማይለዋወጥ መሆንና ተገቢ ሥዕሎች መያዝ ናቸው።

ለመምህራን ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ደረጃው የሚናገረው ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ባለ ታሪኩ ክብር አይደለም። አንዲት ታላቅ ደራሲ በቡቃያ ጽሑፍ ልትወከል ትችላለች፤ ብዙም ያልሠራ ሰው ደግሞ የተመረጠ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። የጽሑፉ ርዝመት የሰውየው ታላቅነት መለኪያ ተደርጎ ከተወሰደ ተማሪው «አጭር የተጻፈላት ትንሽ ብትሆን ነው» ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይደርሳል።

4. አንድ ማስረጃ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለዚህ ጥናት የተመረጡት በሦስት ምክንያት ነው። ደራሲ ናቸው፤ የሴቶችን ትምህርት የመሩ መምህር ናቸው፤ በሕዝብ ምርጫ ወደ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በመረቡ ላይ ያለ ጽሑፍ በማንኛውም ዕለት ሊለወጥ ስለሚችል በአንድ ቀን ገጽ ላይ ፍርድ መስጠት ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ለመማሪያነት ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ከዚህ በታች ቀርበዋል። ሁለቱም ለዚሁ ጉዳይ የተዘጋጁ ናቸው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ፦ «ስንዱ ገብሩ የታዋቂው የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናት። በውጭ አገር ተምራ ተመለሰች። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነች። መጽሐፍም ጽፋለች። እጅግ ድንቅና ተወዳዳሪ የሌላት ጀግና ነበረች።»

ሁለተኛው ጽሑፍ፦ «ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ (ከ1908 እስከ 2001 ዓ.ም.) ደራሲ፣ መምህርና የሕዝብ እንደራሴ ነበሩ። የተወለዱት በአዲስ ዓለም ነው። በስዊዘርላንድ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የፋሺስት ወረራ በደረሰ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በርእሰ መምህርነት መሩ። በ1942 ዓ.ም. ‹የልቤ መጽሐፍ› የተባለውን ሥራቸውን አሳተሙ። በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ።»

ሁለቱ ጽሑፎች በርዝመት ይለያያሉ። በጥራትም ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ልዩነቱ በሚከተሉት ስድስት መመዘኛዎች ሊታይ ይችላል።

(ሀ) ምንጭ። ሁለቱም ጽሑፎች ከላይ እንደ ቀረቡት ምንጭ አልጠቀሱም። ሆኖም ሁለተኛው ሊመረመር የሚችል ነገር ይናገራል። የመጽሐፉ ስም፣ የታተመበት ዘመን፣ የትምህርት ቤቱና የምክር ቤቱ ስም ተገልጿል። አንባቢው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላል። «መጽሐፍም ጽፋለች» የሚለው ግን እውነት ቢሆንም እንኳ ለምርመራ አይመችም። እንግዲህ የጥሩ ጽሑፍ የመጀመሪያ ምልክት ስሕተት ቢኖርበት ስሕተቱ ሊገኝ መቻሉ ነው።

(ለ) ዘመን። የመጀመሪያው ጽሑፍ ምርጫውን በ1949 ዓ.ም. አድርጎታል። ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ለመገመት አያዳግትም። ጸሐፊው በውጭ ቋንቋ 1957 የሚል አግኝቶ 8 ቀንሷል። ነገር ግን በተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት የተካሄደው ያ ምርጫ የተጀመረው በመስከረም ወር፣ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ባለው ጊዜ የሚቀነሰው 7 እንጂ 8 አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛው ዘመን 1950 ነው። የልደታቸው ዓመት ግን በጥር ወር 1916 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ 8 ተቀንሶ 1908 ዓ.ም. ይሆናል። በአማርኛ በሚጻፉ የሕይወት ታሪኮች ውስጥ ከሚታዩት ስሕተቶች ይህ አንዱ ነው። ተማሪው በሂሳብ ክፍል የተማረውን በታሪክ ክፍል የሚያውልበት መልካም አጋጣሚም ይፈጥራል።

(ሐ) ሥራ። ደራሲ የሚታወቀው በድርሰቱ ነው። የደራሲ የሕይወት ታሪክ ሆኖ የድርሰቱን ስም፣ ዓይነትና ጭብጥ የማይናገር ጽሑፍ የገበሬን ታሪክ ጽፎ እርሻውን እንደ መርሳት ይቆጠራል። በዚህ ረገድ ሁለተኛውም ጽሑፍ ቢሆን ምሉእ አይደለም። የመጽሐፉን ስም ከመጥራት አልፎ በውስጡ ምን እንዳለ፣ በጊዜው የነበሩ አንባብያን እንዴት እንደ ተቀበሉት፣ ደራሲዋ ለሴቶች ትምህርት ያደረጉት ትግል በድርሰታቸው እንዴት እንደ ተንጸባረቀ አይናገርም። ስለዚህ በደረጃ ቢመዘን ከጅምር ጽሑፍ አያልፍም።

(መ) ሚዛን። የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚከፍተው በአባት ስም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ የታወቁ ሰው ስለ ነበሩ መጠቀሳቸው ተገቢ ነው። ጥያቄው የሚጠቀሱበት ቦታ ነው። የአንድ ወንድ ደራሲ ታሪክ «የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ የማይጀምር ከሆነ የሴቲቱም እንዲሁ ሊጀምር አይገባም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በውክፔዲያ የሴቶች የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስለ ትዳርና ስለ ቤተ ሰብ የሚናገሩ ቃላት ከወንዶቹ ይልቅ በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል። ይህን ለመመርመር ቀላል ዘዴ አለ። በጽሑፉ ውስጥ የሴቲቱን ስም በወንድ ስም ተክቶ ማንበብ ነው። እንግዳ ሆኖ የሚሰማ ዐረፍተ ነገር ከተገኘ ሚዛኑ የተዛባው እዚያ ላይ ነው።

(ሠ) አክብሮትና ውዳሴ። ይህ መመዘኛ ከአማርኛ ቋንቋ ጠባይ የሚመነጭ ነው። በእንግሊዝኛ ግሡ ለታላቅና ለታናሽ አንድ ነው። በአማርኛ ግን «ጻፈ»፣ «ጻፈች» እና «ጻፉ» የየራሳቸው ሚዛን አላቸው። በአንድ መዝገብ ውስጥ ወንዱ ደራሲ «አሳተሙ» ሲባል ሴቷ ደራሲ «አሳተመች» ከተባለች፣ ከምስክር ወረቀት ሁሉ በፊት ፍርድ ተሰጥቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ አባትን «ታዋቂው ከንቲባ» ብሎ ልጅን ያለ ማዕርግ መጥራቱ የዚህ ምሳሌ ነው። የሚበጀው ለሁሉም አንድ ደንብ መያዝ ነው፤ ሁሉን በአንቱታ መጥራት፣ ወይም ሁሉን በነጠላ። በሌላ በኩል «እጅግ ድንቅና ተወዳዳሪ የሌላት» የሚለው ውዳሴ የጎደለውን አይሞላም። ምንጭ የሌለው ምስጋና ምንጭ ከሌለው ነቀፋ የሚለየው በጣዕሙ ብቻ ነው። የተሠራው ሥራ በትክክል ከተነገረ ምስጋናውን አንባቢው ራሱ ይሰጣል።

(ረ) ስም። የኢትዮጵያውያን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አይደለም። «ስንዱ» የሚለው በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። በአማርኛም «ስ» እና «ሥ» እየተለዋወጡ ይጻፋሉ። በዚህ ምክንያት ስለ አንዲት ሴት የተጻፈው ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ ይቀራል፤ ፈላጊውም «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የአባትን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም በመቁጠር «ገብሩ እንዲህ አሉ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ በኢትዮጵያ ልማድ አባትን እንጂ ልጅን መጥራት ነው።

በመጨረሻ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ እንደሚያሻው መገንዘብ ይገባል። ይህ ቃል በሴቶች ታሪክ ውስጥ አዘውትሮ ይገኛል። ነገር ግን በምን የመጀመሪያዋ? በምርጫ ወይስ በሹመት? በአገር ወይስ በክፍለ ሀገር? ወሰኑ ያልተገለጸ ቀዳሚነት ለክርክር በር ይከፍታል። ሁለተኛው ጽሑፍ «በሕዝብ ተመርጠው» ማለቱ ለዚህ ነው።

5. በመዝገብ ያልገቡ ሴቶችና የቃል ምስክርነት

ከላይ የተዘረዘሩት መመዘኛዎች የሚያገለግሉት ለተጻፈው ነው። ስላልተጻፈውስ? በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ካሉት የሕይወት ታሪኮች መካከል የሴቶቹ ድርሻ በ2014 እ.ኤ.አ. 15 ከመቶ ያህል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ገና ያልተጻፈላቸው ሴቶች ስም በገጹ ላይ በቀይ ስለሚታይ ቀዩን ወደ ሰማያዊ ለመለወጥ ተነሣ። በዚህና በመሰሉ ጥረቶች ድርሻው ወደ 20 ከመቶ ደርሷል። ያም ሆኖ ከአምስቱ አራቱ የወንዶች ታሪክ ነው።

ጉድለቱ በመረቡ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመው ታላቁ የሕይወት ታሪኮች መዝገብ የመጀመሪያ አርታኢ ሌስሊ ስቲቨን ነበር። ልጁ ደራሲዋ ቨርጂንያ ዉልፍ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የቤት ሠራተኞች የሕይወት ታሪክ በዚያ መዝገብ ውስጥ አለመኖሩ እንደሚያሳዝናት ጽፋለች። አባት የሠራውን ሚዛን ልጅ መልሳ መዘነችው።

በጎጃም ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ምሥራቅ ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ በትምህርት ማዕከልነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በእነዚህ ቦታዎች ተምረዋል። በዚህ ባህል ዕውቀት የሚጠበቀው በቃል ነው። ቅኔው ከተቀኘበት ቦታና ምክንያት ጋር ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። በአርበኝነት ዘመን ከቢቸና ስለ ተነሣው ስለ በላይ ዘለቀ የሚነገረውም አብዛኛው በሰዎች ቃል የኖረ ነው። በሙሾ፣ በእንጉርጉሮና በፉከራ ስም ያተረፉ የየመንደሩ ሴቶች ግን ቃላቸው ሲኖር ስማቸው ተረስቷል። መዝገበ ዕውቀቱ የታተመ ምንጭ በመጠየቁ እነዚህ ሴቶች ከደጅ ይቀራሉ።

ለዚህ መፍትሔው ደንቡን መጣስ አይደለም። የቃል ምስክርነት ሳይመረመር ቢገባ ሐሰቱ ከእውነቱ ጋር ይቀላቀላል። ሊደረግ የሚገባው ቃሉን ወደ ምንጭነት ማድረስ ነው። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት የሚናገሩት በፈቃዳቸው ከተቀዳ፣ የተናጋሪው ማንነት፣ ቦታውና ቀኑ ከተመዘገበ፣ ከሌላ ተናጋሪ ቃል ጋር ከተነጻጸረና በቤተ መጻሕፍት ወይም በምርምር ተቋም ተቀምጦ ከታተመ በኋላ መዝገበ ዕውቀቱ የሚቀበለው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ የሚጀመረው በአካባቢው ትምህርት ቤት ነው። ተናጋሪዎቹ ዕድሜያቸው እየገፋ በመሄዱ ሥራው ለሌላ ዓመት የሚተላለፍ አይደለም።

6. በክፍል ውስጥ አጠቃቀሙ

የተገለጹትን መመዘኛዎች ወደ ነጥብ መለወጥ ይቻላል። ከ20 ነጥብ ለምንጭ 5፣ ለሥራው አገላለጽ 5፣ ለዘመን 3፣ ለሚዛን 3፣ ለአክብሮትና ለአነጋገር 2፣ ለስም አጻጻፍ 2 ነጥብ ቢሰጥ ተገቢ ይሆናል። ነጥቡ የሚሰጠው ለመዝገበ ዕውቀቱ ጽሑፍ እንጂ ለተማሪው አይደለም። ተማሪው የሚመዘነው ነጥቡን የሰጠበትን ምክንያት በማስረዳቱ ነው። በዚህ አሠራር መገልበጥ ጥቅም ያጣል፤ ዳኛ የሆነ ተማሪ የሚገለብጠው ፍርድ አያገኝምና።

ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ቅደም ተከተል ቀጥሎ ቀርቧል። መምህሩ አስቀድሞ ሁለት ጽሑፎችን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል ወይም አባዝቶ ያድላል፤ አንዱ የወንድ፣ ሌላው የሴት ደራሲ ቢሆን ይመረጣል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ሊረጋገጥ የሚችል»፣ «ውዳሴ» እና «ስለ ሌላ ሰው የሚናገር» በማለት በሦስት ይከፍሉታል። ቀጥሎም ዘመኖቹን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ይለውጣሉ። በመጨረሻ ሴቷን ደራሲ የሚመለከተውን ጽሑፍ ከመቶ በማይበልጡ ቃላት አሻሽለው ይጽፋሉ።

ኔትዎርክ በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታም ሥራው አይታጎልም። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም መዝገበ ዕውቀቱን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ለማንበብ ያስችላል። ከአንድ ትልቅ ከተማ የተጫነ ማስታወሻ ቋት የአንድ ትምህርት ቤትን ተማሪዎች ሊያገለግል ይችላል። በዚህ መልክ የሚገኘው ጽሑፍ በወረደበት ቀን የነበረው ስለ ሆነ የወረደበት ቀን መመዝገብ አለበት።

ለአምበርና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ከቅርብ የሚገኝ ርእስ መምረጥ ይቻላል። በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘውን የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩ ብልህ የመንግሥት ሰው ነበሩ። ስለ እርሳቸው በመዝገበ ዕውቀት የተጻፈውን ተማሪዎች በስድስቱ መመዘኛዎች መርምረው የሚስትነታቸው፣ የእናትነታቸውና የመሪነታቸው ታሪክ ምን ያህል ቦታ እንደ ተሰጠው ሊቆጥሩ ይችላሉ። ከዚያም በአካባቢው ከሚነገረው ጋር ያነጻጽሩታል። በዚህ አኳኋን ተማሪው የሩቁን መዝገብ በቅርቡ ማስረጃ ይመዝናል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የመረብ ምንጮችን የመመዘን ችሎታ በአማርኛና በታሪክ ትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ግልጽ ቦታ ቢሰጠው፤ ሁለተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የአንድ የሕይወት ታሪክ አንቀጽ መገምገምና ማሻሻል እንደ ተግባር ልምምድ ቢቆጠር፤ ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቶች የሚሰበስቡት የቃል ምስክርነት ተጠብቆ ለተመራማሪ የሚደርስበት መንገድ፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና እንደ ወመዘክር ካሉ ተቋማት ጋር በመተባበር፣ ቢዘረጋ መልካም ይሆናል።

7. መደምደሚያ

የመረቡ መዝገበ ዕውቀት ጥራት አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ዛሬ ቡቃያ የሆነው ነገ የተሟላ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የተሟላው ደግሞ በአንድ ግድ የለሽ እጅ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ይታመናል ወይስ አይታመንም?» የሚለው ጥያቄ ለመምህር አይጠቅመውም። የሚጠቅመው «የትኛው ዐረፍተ ነገር በምን ማስረጃ ይታመናል?» የሚለው ነው።

በሴት ደራስያን ታሪክ ላይ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሴቶች ልጆችን ያስተማሩ፣ በስደትና በእስር ያለፉ፣ መጽሐፍ ጽፈው፣ በሕዝብ ተመርጠው የተናገሩ ሰው ናቸው። አንዲት የአምበር ተማሪ ስለ እርሳቸው ስትፈልግ የምታገኘው «የታዋቂው ሰው ልጅ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ የምትማረው ስለ ወይዘሮ ስንዱ ሳይሆን ስለ ራሷ ቦታ ይሆናል። ሚዛኑን በእጇ ይዛ የጎደለውን ለይታ፣ ያንኑ በማስረጃ ሞልታ የጻፈች ተማሪ ግን ከመዝገቡ አንባቢነት ወደ መዝገቡ አዘጋጅነት ተሸጋግራለች። የመምህሩ ድካም ፍሬ የሚያፈራውም በዚያ ጊዜ ነው።